የሱስ ሕክምና ፈላጊዎችን ስንቆጥር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጠጡ ወይም ጫቱ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው ጤና ተቋም ሲመጣ ካርድ ይወጣለታል፤ ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ያ መዝገብ በአገር ደረጃ ተደምሮ ቪየና እስከሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ጉዳዮች ቢሮ ሊደርስ ይችላል። መንገዱ ረጅም ነው። በየደረጃው ትንሽ ትንሽ ስህተት ከገባበት፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ቁጥር ስለዚያ ሰው ምንም አይናገርም።

አውሮፓውያን የየአገራቸውን መዝገብ ለማስተያየት ብዙ ዓመት ለፍተዋል። በ1971 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) በፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዦርዥ ፖምፒዱ አነሳሽነት የተቋቋመው የፖምፒዱ ቡድን፣ ማለትም የአውሮፓ አገሮች በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ የሚተባበሩበት ቡድን፣ መንገዱን ጠረገ። በ1993 የተመሠረተው የሊዝበኑ የአውሮፓ የአደንዛዥ ዕፅ ክትትል ማዕከል ደግሞ «ለሕክምና የመጡ ሰዎች ብዛት» የሚለውን ከአምስቱ ቁልፍ አመልካቾቹ አንዱ አደረገው። ማዕከሉ ከ2024 ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት የአደንዛዥ ዕፅ ኤጀንሲ ተብሏል። ከዚያ ልምድ የምንማረው ብዙ ነው፤ ግን እንዳለ ገልብጠን የምንወስደው አይደለም። ከውጭ አገር ባልደረቦች ጋር እንዲህ ባለ የጋራ ሥራ ለምትሳተፉ የጤናና የመረጃ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያጋጥሙትን ስህተቶች ላንሳ።

የመጡትን ሰዎች የችግሩ ልክ አድርጎ መውሰድ

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ሕክምና የጠየቀ ሰውና ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው አንድ አይደሉም። የቪየናው ቢሮ በ2024 ሪፖርቱ እንዳለው፣ በ2022 በዓለም ላይ 64 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት ለጤና እክል ተዳርገው ነበር፤ ሕክምና ያገኘው ከ11 ሰው አንዱ ብቻ ነው። ሴቶችን ለብቻ ካየን ከ18 አንዷ፣ ወንዶችን ካየን ከ7 አንዱ። እንግዲህ የሕክምና መዝገብ ብቻ ያየ ሰው «የሴቶች ችግር ትንሽ ነው» ብሎ ሊደመድም ነው። እውነቱ ሴቷ በሩ ላይ አለመድረሷ ነው። ልጆቿን የምትተውለት ሰው የላትም፤ «ሱሰኛ» መባል ለእሷ ከወንዱ ይልቅ ይከብዳል።

በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ጸበል ነው። ጸበል ቦታ ወራት የቆየ ሰው የትኛውም የሆስፒታል መዝገብ ላይ የለም። በተቃራኒው፣ አንድ ከተማ አዲስ የሱስ ሕክምና ክፍል ሲከፈት የተመዝጋቢው ቁጥር በአንድ ዓመት ሊያሻቅብ ይችላል። ያደገው ሱሱ ሳይሆን አገልግሎቱ ነው። ስለዚህ ቁጥር ስትልኩ ስንት ተቋማት እንደዘገቡ፣ ካለፈው ዓመት ስንቱ እንደተጨመሩ አብራችሁ ጻፉ።

አንድን ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ መቁጠር

የሊዝበኑ ደንብ አንድን ሰው በአንድ የዘመን መቁጠሪያ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቆጠር ያዝዛል። ይህ ከተነገረው በላይ ከባድ ነው። በጥር ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ፣ በሚያዝያ አገርሽቶበት ማገገሚያ ማዕከል የገባ ሰው ሁለት ካርድ አለው፣ ሁለት ቦታ ተጽፏል። ሌሎች አገሮች ይህን ለማጥራት ከስም ፊደላትና ከልደት ቀን የተሠራ ምስጢራዊ ኮድ ይጠቀማሉ። እኛ ጋ ኮዱ ራሱ ይሰናከላል። ስሙ በላቲን ፊደል አንዱ ዘንድ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው ዘንድ በሌላ ዓይነት ይጻፋል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው። የልደት ዓመቱን አንዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆቹ ይመዘግበዋል፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ልዩነት ሲገባ አንዱ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ያርፋል። የሪፖርት ዓመቱም ሌላ ወጥመድ ነው፤ የእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ሲሆን የውጭዎቹ ሠንጠረዥ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይጠይቃል። ዓመታዊውን ድምር እንዳለ አትላኩ። ወር በወር ያዙት፤ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ትደምሩታላችሁ።

የውጭን መጠይቅ ቃል በቃል መተርጎም

የዓለም ጤና ድርጅት የአልኮል መለያ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት። ሁለተኛው፣ በምትጠጣበት ቀን ስንት «መጠጥ» ትጠጣለህ ይላል። አንድ «መጠጥ» ማለት 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። ይህ ለተሳታፊው ሳይነገር ሲቀር ምን እንደሚከተል በስሌት እንየው። አንድ አርሶ አደር በቀን ሁለት ጣሳ ጠላ ይጠጣል እንበል፤ ጣሳው አንድ ሊትር ይይዛል፣ ጠላው 5 በመቶ አልኮል አለው። እያንዳንዱ ጣሳ 40 ግራም ገደማ፣ ማለትም አራት «መጠጥ» ነው። ሰውዬው «ሁለት» ብሎ ይመልሳል፣ መዝጋቢው 0 ነጥብ ይሰጠዋል። ትክክለኛው መልስ ስምንት ነበር፤ ነጥቡም 3። ሦስተኛው ጥያቄ ስድስትና ከዚያ በላይ በየስንት ጊዜው ትጠጣለህ ሲለው «በፍጹም» ይላል፤ እውነቱ ግን በየቀኑ ነው፣ እዚያም 4 ነጥብ ይጠፋል። በሁለት ጥያቄ ብቻ ሰባት ነጥብ ጠፋ። ይህ ሰው ምክር እንኳ ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይመለሳል!

መፍትሔው የአካባቢውን መጠጫ ይዞ መግባት ነው፦ ጣሳውን፣ ብርሌውን፣ የአረቄ መለኪያውን። ስንት እንደሚይዙ በውኃ ለክታችሁ፣ ከመጠይቁ ጋር በሥዕል አያይዙት። ጠላ ከቤት ቤት ስለሚለያይም አማካይ ግምታችሁን ለውጭ ባልደረቦቻችሁ በግልጽ ንገሩ።

ጫትን «ሌሎች» ውስጥ መክተት

በ1971 የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የጫት አነቃቂ ንጥረ ነገሮች የሆኑት ካቲኖንና ካቲን ቁጥጥር ውስጥ ገብተዋል፤ ሁለቱም ያሉበት ቅጠል ግን አልገባም። አገሮችም በየፊናቸው ነው የሄዱት። ብሪታንያ በ2014 ከለከለችው፤ እስራኤል ውስጥ ቅጠሉን መቃም ሕጋዊ ነው። ለጫት የራሱ መስመር በሌለው ቅጽ ላይ ታካሚው «ሌሎች አነቃቂዎች» ተብሎ ይገባል፤ ከማን ጋር እንደተደባለቀም አይታወቅም። ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያን፣ የመንን፣ ኬንያን የሚያካትት የጋራ ጥናት ለጫት መስመር ከሌለው፣ ቅጹን ለማሻሻል መጠየቅ የእናንተ ሥራ ነው። አያፍሩ፣ ይጠይቁ።

የቃሚዎቹን ቃላትም ተጠቀሙ። «የማቆም ምልክት አለህ?» ከተባለ ቃሚው ግራ ይገባዋል። ሐራራ፣ ዱካክ ስትሉት ግን ወዲያው ይገባዋል፤ በሌሊት ምን እንደሚያስጨንቀው ራሱ ይነግራችኋል።

አንድ ሱስ ብቻ መመዝገብ

ከቀኑ በርጫ በኋላ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣውን ጨብሲ እናውቀዋለን። ቅጹ «ዋናው» ብቻ ካለ አልኮሉ ይጠፋል። ዋናውን ታካሚው ይምረጥ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ይጻፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የታከመውን ከተመላሹ መለየትም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሱሱ እየጨመረ ይሁን ሕክምናው እየከሸፈ አይታወቅም።

ምስጢርን እንደ ትርፍ ነገር ማየት

ሕመምተኛው መረጃው ፖሊስ ወይም አሠሪው ጋ ይደርሳል ብሎ ከፈራ አይመጣም፤ ከመጣም ይዋሻል። ስም ከተቋሙ አይውጣ። በትንሽ ወረዳ «አንዲት ሴት፣ ዕድሜ 19፣ ሄሮይን» ብሎ መላክ ስም ከመላክ አይተናነስም፤ እንዲህ ያሉ ጥቂት ሰዎችን ከአጎራባች ወረዳ ጋር ደምሩ።

ወስዶ አለመመለስ

ብዙ ጊዜ ቅጹን የሞላችው ነርስ ቁጥሩ የት እንደደረሰ ሳትሰማ ትቀራለች፤ ጽሑፉ ሲወጣም የውጭ ባለሙያዎች ስም ከፊት ተደርድሮ ታየዋለች። ሲደጋገም ቅጹን በግምት መሙላት ትጀምራለች፤ ማን ይፈርድባታል? የጋራ ስምምነቱ ሲፈረም ውጤቱ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ለተቋማቱ እንደሚመለስ፣ መቼና በማን እንደሚመለስ በአንቀጽ ይግባበት። ሠንጠረዡ ወደ ቪየና ወይም ወደ ሊዝበን ሲላክ፣ በዚያው ሳምንት ለእሷም ይድረሳት።