ለአካባቢ ሕግ ስንቆም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ክረምት ጎንደር ውስጥ ቀሃ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ቁጥቋጦው ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል። ውሃው ላይ ደግሞ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ተንሳፍፏል። ከላይ ካለ ጋራዥ የተደፋ የተቃጠለ ዘይት ነው። በጣም ተናደድኩ። ተናድጄ ያደረግኩት ግን የመጀመሪያው ስህተት ሆነ።

በቃል አቤት ማለት። ወደሚመለከተው ቢሮ ሄጄ ተናገርኩ። «ወንድሜ፣ ሰምተናል፣ እናየዋለን» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ ያነጋገረኝ ሰው ተዛውሯል። ቀን የለ፣ ቁጥር የለ፣ ወረቀት የለ። ያጣሁት ጊዜ ብቻ አልነበረም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እንደሚለው፣ አቤቱታ የቀረበለት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ያለ ወረቀት ግን 30 ቀኑ ከመቼ እንደጀመረ በምን ታሳያላችሁ? ስለዚህ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ጻፉ። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ያያችሁትን ብቻ አስፍሩ፤ ፎቶ አያይዙ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቁጥርና ማህተም አስመቱ። ማህተሙን ሳታዩ እንዳትወጡ!

«እኔ ተጎጂ አይደለሁም» ብሎ መተው። ብዙ ሰው ወንዙ በደጄ ካላለፈ አያገባኝም ይላል። ያው አዋጅ ግን ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው አቤት ማለት እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። አዘዞ ሆናችሁ ስለ አንገረብ ወንዝ መክሰስ ትችላላችሁ ማለት ነው።

ሁሉንም ለአዲስ አበባ መተው። ይሄ በጣም ያበሳጨኛል። ሕገ መንግሥቱ መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን በፌዴራል ሕግ መሠረት የማስተዳደርን ሥራ ለክልል ሰጥቷል። ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ የአካባቢ ደረጃ ማውጣትም ይችላሉ፤ የላላ ማውጣት ግን አይፈቀድላቸውም። የአንገረብ ግድብ ከላይ ካሉት ተራሮች በሚታጠብ አፈር እየተሞላ ነው። ቧንቧ ሲደርቅ ጀሪካን ይዘን የምንሰለፈው እኛ ነን። ታዲያ ለክልል ምክር ቤት የመረጥነውን ሰው ስለ ተፋሰሱ ካልጠየቅን ማን ይጠይቅልን?

ግሬደር ከገባ በኋላ መጮህ። የድንጋይ ካባም ይሁን ፋብሪካ፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ (ሥራው በአካባቢው ላይ ምን እንደሚያስከትል አስቀድሞ የሚያጠና) የሚያስፈልገው ሥራ ፈቃድ ሳያገኝ አይጀመርም። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት መሆንና አስተያየት ሊሰበሰብበት ይገባል። ያኔ ሂዱ፣ አንብቡ፣ አስተያየታችሁን በጽሑፍ ስጡ። አለት ከተፈነዳ በኋላ መጮህ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ደካማውን ማሳደድ። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ጸድቋል፤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ቅዳሜ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ እናት ላይ ጮኸን ሕግ አስከበርን አንበል። ዘንቢል ይዘን እንሂድ፣ «እማማ፣ በዚህ ያድርጉልኝ» እንበል። ቆሻሻ እንዲሰበሰብና እንዲነሳ የማድረግ ግዴታ ያለበት የከተማው አስተዳደር ነው። ገንዳ ሞልቶ ሲፈስ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ችግኝ መትከል ጥሩ ነው፣ እኔም እተክላለሁ። ግን የተቃጠለ ዘይት አያስቆምም።

ቀሃ እዚያው ድልድዩ ሥር አይቀርም፤ ወደ መገጭ፣ ከመገጭ ወደ ጣና ይወርዳል። የጋራዡን ነገር አሁን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ማህተም ያረፈበት ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ዛሬ 19ኛ ቀኑ ነው።