ከአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕይወት እንቆቅልሽ እንዴት ይዘጋጃል?

«እንቆቅልሽ» ሲሉን «ምን አውቅልህ» እያልን ያደግን ሰዎች የለመድነው አንድ ዕቃ ወይም እንስሳ በምስል ተሸፍኖ የሚቀርብበትን ጨዋታ ነው። እዚህ የማቀርበው ዓይነት ግን ከዚያ ይለያል። አጫዋቹ ግራ የሚያጋባ አጭር ድርጊት ይናገራል፤ ተጫዋቾቹም «አዎ»፣ «አይደለም» ወይም «ለጉዳዩ አያስፈልግም» ብቻ ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ እየጠየቁ የድርጊቱን ምክንያት ይደርሱበታል። ሐኪሙና ደራሲው ኤድዋርድ ደ ቦኖ እ.ኤ.አ. በ1967 ስም የሰጠው በጎን የማሰብ ዘዴ፣ ማለትም ችግሩን ካልተለመደ አቅጣጫ ማየት፣ ከዚህ ጨዋታ ጋር አብሮ ይነሣል። የአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕይወት ለዚህ የሚመቸው ሕጉ እስከ ምድጃውና እስከ በር መዝጊያው ድረስ ስለሚዘልቅ ነው፤ ሕጉን የማያውቅ ሰው እንግዳ ነገር በሚያይበት ቦታ የሚያውቀው ፍጹም ተገቢ የሆነ ሥራ ያያል።

ሲያዘጋጁ ከታሪኩ ሳይሆን ከሕጉ ይነሡ። ሚሽና የተባለው ጥንታዊ የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ በሰንበት (ከዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ እስከ ቅዳሜ ማታ) የተከለከሉ 39 የሥራ ዓይነቶችን ይዘረዝራል፤ እሳት ማንደድ፣ እሳት ማጥፋት፣ መጻፍ እና ዕቃን ከግል ቦታ ወደ አደባባይ ማውጣት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከነዚህ አንዱን መርጠው «ይህ ሕግ አንድን ሰው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምን ያስደርገዋል?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። በእኔ ግምት ከራሱ ከሰንበት ይልቅ የዓርቡ ዝግጅት የበለጠ እንቆቅልሽ ይሰጣል፤ ምክንያቱም ሰውየው ሥራውን ሲሠራ ይታያል፣ ምክንያቱ ግን ገና አልመጣም።

ለምሳሌ እንዲህ ይበሉ፦ «አንዲት ሴት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፍሪጇን ከፍታ በደንብ የሚሠራውን አምፖል ፈታ አወጣች፤ ቅዳሜ ማታ መልሳ ገጠመችው። ለምን?» ተጫዋቾቹ አብዛኛውን ጊዜ በዕቃው ይጀምራሉ። «አምፖሉ ተበላሽቶ ነበር?» አይደለም። «መብራት ለመቆጠብ ነው?» አይደለም። «ሌላ ቦታ ልትጠቀምበት ፈልጋ ነው?» አይደለም። ከዚያ አንዱ «አምፖሉ ባይወጣ ኖሮ ፍሪጁን መክፈት አትችልም ነበር?» ብሎ ሲጠይቅና «አዎ» ሲባል ጨዋታው ይገለበጣል። በሩ ሲከፈት አምፖሉ ይበራል፤ ሕጉን የሚጠብቁ ሰዎች ደግሞ በሰንበት መብራት አያበሩም፤ ስለዚህ አምፖሉ እንደተገጠመ ቢቀር የሰንበቱ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ተቆልፎ እንደ መቅረት ነበር። «ዓርብ» እና «ቅዳሜ ማታ» የሚሉትን ቃላት ግን ከታሪኩ አያውጡ። ቁልፉ ያለው እነሱ ላይ ነው፤ እነሱን ደብቆ መልስ መጠበቅ ተጫዋቹን መበደል ነው።

እጅግ የምወዳቸው በዘመን አቆጣጠር ላይ የተመሠረቱትን ነው። «ሁለት ወንዶች ልጆች በሁለት ቀን ልዩነት ተወለዱ፤ ታናሹ ግን ከታላቁ 28 ቀን ቀድሞ 13 ዓመት ሞላው።» የአይሁድ የዘመን አቆጣጠር በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ ሙሉ ወር ይጨምራል (የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የ19 ዓመቱን ንዑስ ቀመር እዚህ ያስታውሳል)፤ ወር በሚጨመርበት ዓመት አዳር የሚባለው ወር ሁለት ይሆናል። ታላቁ የተወለደው በአይሁድ አቆጣጠር በ5784 ዓመት በመጀመሪያው አዳር 29 ቀን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2024 ነው። ታናሹ በሁለተኛው አዳር 1፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ተወለደ። በ5797 ግን አዳር አንድ ብቻ ስለሆነ ታናሹ በአዳር 1፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 16 ቀን 2037፣ ባር ሚጽዋ (13 ዓመት ሞልቶት ሕጉን የመጠበቅ ግዴታ ያለበት) ሲሆን ታላቁ እስከ አዳር 29፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ድረስ ይጠብቃል። ታሪኩን ለማሳመር ልጆቹን መንታ ማድረግ ያጓጓል፤ አያድርጉት። በአይሁድ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ የመጀመሪያው አዳርም 30 ቀን ስላለው፣ ሁለተኛው አዳር ሊገባ ሲል ፀሐይ ከመጥለቋ ጥቂት ቀደም ብሎ የተወለደው መንታ በ30ኛው ቀን ላይ ይወድቃል፤ መደበኛው አዳር ደግሞ 29 ቀን ብቻ በመሆኑ መልሱ ወደ ሌላ ሕግ ይገባል።

እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሌሎቹም ላይ ያስፈልጋል። «አንድ ሰው የሚወደውን ወዳጁን ሊቀብር መጥቶ ከመካነ መቃብሩ አጥር ውጭ ቆሞ አለቀሰ» የሚለው እንቆቅልሽ መልሱ ሰውየው ከአሮን ዘር የሆነ ካህን በመሆኑ ሙታን ወዳሉበት እንዳይገባ መከልከሉ ነው። «ወዳጁን» የሚለውን ወደ «አባቱን» ከቀየሩት ግን እንቆቅልሹ ሐሰት ይሆናል፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 21 ለአባት፣ ለእናት፣ ለልጅና ለወንድም ይፈቅዳልና።

ማኅበረሰቡንና ቦታውንም ይለዩ። «ቅዳሜ ምሳ ትኩስ ነበር፤ በሰንበት ግን እሳት ያነደደ የለም» የሚለው ምግቡን ዓርብ ከተለኮሰ እሳት ላይ አቆይተው በሚያሳድሩ ቤቶች ይሠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ የነበሩት ቤተ እስራኤል ግን ሰንበት ሳይገባ እሳቱን አጥፍተው ቀዝቃዛ ምግብ ይበሉ ስለነበር ለእነሱ ቤት ይህ ታሪክ አይሆንም። የአይሁድ ፋሲካም በእስራኤል 7 ቀን፣ ከእስራኤል ውጭ በብዙ ማኅበረሰቦች ዘንድ 8 ቀን ይከበራል። የቦታውን ስም በእንቆቅልሹ ውስጥ ካላስገቡ ሁለት ትክክለኛ መልስ ይመጣብዎታል።

አማኙን ሞኝ ወይም አታላይ የሚያስመስል መልስ አይቀበሉ፤ በመልሱ ውስጥ የሕጉ ክብር መታየት አለበት። «ያረጀና የተቀደደ መጽሐፍ አልተጣለም፣ አልተቃጠለም፤ ተቀበረ» የሚለው ለዚህ መልካም አብነት ነው፤ የእግዚአብሔር ስም የተጻፈበት ጽሑፍ እንደ ቆሻሻ ስለማይጣል በመቃብር ቦታ በአክብሮት ይቀበራል።

ጨዋታው ወረቀትም እስክሪብቶም ስለማያስፈልገው መጻፍ በማይፈቀድበት በሰንበት ማዕድ ላይ እንኳ ይመቻል። ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተጣበቁ «ቀኑን ጠይቁ» ወይም «የሰውየውን ዘር ጠይቁ» ብሎ አንድ በር መክፈት ተገቢ ነው። ያገኘውም ሰው ምክንያቱን ብቻ ተናግሮ እንዳይቀመጥ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደግሞ ለሁሉም እንዲተርክ ያድርጉ።