ከገቡ በኋላ የመመለሻ ቁልፉ ወደ መግቢያ ገጽ ሲወስድ
ችግሩ፦ ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ዋናው ገጽ ከተከፈተለት በኋላ የአንድሮይዱን የመመለሻ ቁልፍ ሲጫን መግቢያው ገጽ እንደገና ይመጣል። መተግበሪያው በጄትፓክ ኮምፖዝ (የጉግል የአንድሮይድ ገጽ መሥሪያ) የተሠራ ነው።

ናቪጌት (ከገጽ ወደ ገጽ የሚያሻግረው ትእዛዝ) አዲሱን ገጽ በአሮጌው ላይ ይደርባል እንጂ አሮጌውን አያነሳም። ስለዚህ ወደ ዋናው ገጽ በሚወስደው ናቪጌት ውስጥ ፖፕ-አፕ-ቱ (እስከተሰየመው ገጽ ድረስ የተደረቡትን የሚያነሳ) ጨምሬ የመግቢያውን ገጽ ስም ሰጠሁት፤ ኢንክሉሲቭንም (የተሰየመው ገጽ ራሱም ይነሳ የሚለውን) ትሩ አደረግሁ። ብዙ ጊዜ የምትረሳው ይህች ሁለተኛዋ ናት፦ ካልነኳት ፎልስ ስለሆነች ከመግቢያው በላይ የተደረቡት ብቻ ይነሱና መግቢያው ራሱ ይቀራል።

ዋናው ገጽ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደርቦ ከተገኘ፣ ብዙ ጊዜ ናቪጌት የተጠራው በቀጥታ በኮምፖዘብሉ (ገጹን በሚስለው ፈንክሽን) ውስጥ ነው፤ ገጹ ሪኮምፖዝ በተደረገ (እንደገና በተሳለ) ቁጥር ይጠራል። ወደ ላውንችድ-ኢፌክት (ገጹ እንደገና በተሳለ ቁጥር ወደማይደገም ክፍል) አዛውሬው ቆመ። ላውንች-ሲንግል-ቶፕም (ያው ገጽ ከላይ ካለ ድጋሚ እንዳይደረብ የሚያደርገው) አይጎዳም።

ያልተቀመጠ ቅጽ ላለበት ገጽ ባክ-ሃንድለር (የመመለሻ ቁልፉን በገጹ ላይ የሚቀበል) ይበቃል። ኢኔብልድን (ማብሪያውን) ግን ቅጹ ላይ ለውጥ ሲኖር ብቻ ትሩ አድርጉት፤ ያለዚያ ቁልፉን ሁልጊዜ ይውጠዋል። ኦን-ባክ-ፕረስድን (የድሮውን የመመለሻ ቁልፍ ተቀባይ) ኦቨርራይድ ማድረጉ (በራስ ኮድ መተካቱ) ይቅር፤ አንድሮይድ 16ን ታርጌት ባደረገ መተግበሪያ፣ በዚያው ሲስተም ላይ፣ እንደ ነባሪ አይጠራም።