የሐይቅ ሙቀት ሞዴላችሁ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ከደሴ ወጣ ብሎ ተራራ የከበባት አንዲት ትንሽ ሐይቅ አለች። ክረምት አልፎ ሞልታ እንኳ መሃሏ ላይ ገመድ ስንጥል 3 ሜትር ብትሆን ነው። የእሷን የውሃ ሙቀት በኮምፒውተር ለማስላት ስታገል ከረምኩ። አንዳንዴ ታዲያ ትልቁን የሐይቅ ከተማን ሐይቅ በመረጥኩ ኖሮ እላለሁ። እሱ 80 ሜትር ገደማ ይጠልቃል፤ ጥልቅ ውሃ ደግሞ ሆደ ሰፊ ነው። የተበላሸ ዳታ ብትሰጡት ውጦ ዝም ይላል።

ጥልቀት የሌለው ግን ምስጢር አይጠብቅም። ለአንድ ካሬ ሜትር 100 ዋት ትርፍ ሙቀት ለ24 ሰዓት ስጡ። 1 ሜትር ውሃ 2 ዲግሪ ይሞቃል። 80 ሜትሩ፣ ሙሉ በሙሉ ቢደባለቅ፣ የዲግሪ ሦስት መቶኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሞዴሉ ሲያብድ ቁልፎቹን (የማስተካከያ ቁጥሮቹን) ለማዞር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ያበላችሁትን ዳታ እዩ።

ውሃው ፈላ

ሞዴሉን አስነሳችሁት፤ በመጀመሪያው ቀን 400 ዲግሪ ገባ። አትደንግጡ፣ ይሄ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ኢራ5 ከሚባለው የዓለም አየር ሁኔታ ዳታ የሚወርደው የፀሐይ ጨረር የሚሰጠው በዋት ሳይሆን በሰዓት በተጠራቀመ ጁል ነው። ለ3,600 አካፍሉት። በነገራችን ላይ «ኢራ5 ላንድ» የሚባለው ታናሽ ወንድሙ ቀኑን ሙሉ እየደመረ ነው የሚሄደው። እሱን መጀመሪያ የየሰዓቱን ልዩነት አውጡ፣ ከዚያ አካፍሉ። የአየሩም ሙቀት በኬልቪን ስለሚመጣ 273.15 መቀነስ አትርሱ።

ቅርጹ ልክ ነው፣ ሰዓቱ ግን ሸሽቷል

ይሄኛው ሁለት ሳምንት በልቶኛል። የሞዴሉ መስመርና የተለካው መስመር መልካቸው አንድ ነው፤ ቀን ከፍ፣ ሌሊት ዝቅ ይላሉ። ግን አንዱ ሌላውን ይቀድማል።

ልዩነቱን በሰዓት ቁጠሩት። ሞዴሉ በ3 ሰዓት ከቀደመ የአየር ሁኔታው ዳታ በግሪንዊች ሰዓት ነው። የኛ ሰዓት ከግሪንዊች በ3 ይቀድማል። ሞዴሉ በ6 ሰዓት የዘገየ ከመሰለ ደግሞ ሞዴሉ ንጹህ ነው። ልኬቱ በሀበሻ ሰዓት ተጽፎ በፈረንጅ ሰዓት ተነቧል ማለት ነው።

የኔ ግን በ3 ሰዓት ዘገየ። «አሃ፣ የግሪንዊች ነገር ነው» አልኩና ሞዴሉን በ3 ሰዓት አስቀደምኩት። መስመሮቹ ቁጭ አሉ። ደስ ብሎኝ ግራፉን በስልኬ ይዤ ወደ ሐይቋ ወረድኩ። እዚያ ቴርሞሜትር እያነበቡ በደብተር የሚመዘግቡልን አንድ አባት አሉ። አባባ ነው የምንላቸው።

«ይቺ ጫፏ ምንድን ናት?» አሉኝ።

«ውሃው ከሁሉም በላይ የሚሞቅበት ሰዓት ናት አባባ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ።»

ስልኩን መለሱልኝ። «አንተ ልጅ፣ በጠዋት 3 ሰዓት እዚህ ውሃ እግርህን ነክረህ ታውቃለህ?»

አላውቅም።

«እኔ የጻፍኩልህ 9 ሰዓት ብዬ ነው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ከብቱ ሊጠጣ ሲወርድ።»

ሁለት ስህተት ተደራርቦ ኖሯል። ዳታው በግሪንዊች ስለሆነ ሞዴሉ ጫፉን የሚያወጣው በ9 ሰዓት ፈንታ እኩለ ቀን ላይ ነው። የአባባ 9 ሰዓት ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ በፈረንጅ ዘጠኝ፣ ማለትም ጠዋት 3 ሰዓት ሆኖ ተቀምጧል። በመሃላቸው ያለው 3 ሰዓት ነው እኔን ያሞኘኝ።

ስለዚህ መስመሮቹ መግጠማቸውን ብቻ አትመኑ። የፀሐይ ጨረሩን ለብቻው ስላችሁ ጫፉ ቀን 6 ሰዓት አካባቢ መውደቁን እዩ። ሁሉንም ወደ አንድ ሰዓት ቀይሩ፤ የዳታው ዓምድ ስም ላይም በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። ደብተሩ ላይ «ቀን» ወይም «ማታ» ካልተጻፈ 3 ሰዓት የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም።

የወር መጨረሻዎች ጠፉ

የዚሁ ዘመድ ነው። በእኛ ቀን የተመዘገበ ደብተር ኤክሴል ውስጥ ሲገባ የጥቅምት 30ን ረድፍ (30/2) ኤክሴል እንደ ቀን አይቀበለውም። ጳጉሜን 6 ደግሞ ይባስ። ኮምፒውተሩ ወርን አስቀድሞ የሚያነብ ከሆነ 6/13 ብሎ በፈረንጅ ሰኔ 13 ላይ ይሰካዋል፤ ቅሬታ እንኳ አያሰማም። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች አስገቡ። ወደ ፈረንጅ ቀን የሚለውጠው ኮዱ ይሁን።

ድንገት 85 ዲግሪ

ውሃ በማያስገባ ብረት የታሸገችውን ርካሽ ሴንሰር፣ ዲኤስ18ቢ20ን፣ አርዱዊኖ በሚባለው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ የምትጠቀሙ ከሆነ ይሄን ታዩታላችሁ። 85 ማለት ሙቀት አይደለም። ሴንሰሩ ኃይል አግኝቶ ገና ሳይለካ የሚሰጠው መነሻ ቁጥር ነው። −127 ከመጣ ደግሞ ሽቦው ተቋርጧል። ሁለቱንም ከዳታው አውጡ፤ ግንኙነቱንም ፈትሹ። ሴንሰሩ ራሱ እስከ ግማሽ ዲግሪ ሊሳሳት ስለሚችል ሞዴሉን ከዚያ በታች ለማስተካከል እንቅልፍ አትጡ። ላይኛዋ ሴንሰር ፀሐይ እንዳይመታትም ጥላ አድርጉላት፤ አለዚያ የምትለካው የራሷን ብረት ነው።

ቀንም ሌሊትም በአንድ አቅጣጫ ይሳሳታል

እዚህ ላይ ወሎ ራሱ ነው ችግሩ። ኢራ5 አገሩን የሚያየው በ31 ኪሎ ሜትር ሳጥን ነው። እኛ ዘንድ በአንድ እንዲህ ባለ ሳጥን ውስጥ ደጋውም ቆላውም ይገባል፣ ዳታው ደግሞ የሚሰጣችሁ አማካዩን ነው። የኮምቦልቻን የአየር ሁኔታ ጣቢያ ብትወስዱም ያው ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ብለን ስናሰላ ልዩነቱ 4 ዲግሪ ይሆናል። የዳታው ከፍታና የሐይቁ ከፍታ ስንት ስንት እንደሆነ እዩና አስተካክሉ። የአየር ግፊቱም ሞዴሉ ውስጥ 1013 ሄክቶፓስካል ተብሎ ከተተወ እንደ ባሕር ዳርቻ ነው የሚቆጥራችሁ። በ2,500 ሜትር ላይ 750 ገደማ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ሞዴሉ ከቀዘቀዘ ነፋሱን ጠርጥሩ። ተራራ የከበበው ሐይቅ የሳጥኑን ነፋስ አያገኝም። ነፋስ ሲበዛ ትነት ይበዛል፤ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ትነት በካሬ ሜትር 28 ዋት ያህል ይወስዳል። ዳታው በ10 ሜትር ከፍታ ከሆነና ቀመራችሁ የ2 ሜትር ከጠየቀ በ0.75 አባዙ። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው የነፋሱን ማባዣ መነካካት የሚፈቀድላችሁ። እኔ መጀመሪያ እሱን ነበር ያዞርኩት። የከፍታውን ስህተት በነፋስ ሸፈንኩና ክረምት ሲገባ ሁሉም ፈረሰ።

ላዩ ይቀዘቅዛል፣ ታቹ ይሞቃል

ከሰዓት በኋላ የሞዴሉ የላይኛው ውሃ ከተለካው ቀዝቅዞ ታችኛው ከሞቀ ሞዴሉ ውሃውን ከእውነቱ በላይ ጥርት ያለ አድርጎ ነው የሚያየው። የበልግ ጎርፍ ሲገባ ውሃችን ሻይ በወተት ይመስላል፤ ብርሃኑ እላይ ይቀራል። መለኪያው ቀላል ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የድስት ክዳን ጥቁርና ነጭ ቀቡና በገመድ አውርዱ። ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት በሜትር ያዙ፣ 1.7ን ለእሱ አካፍሉ። የሚወጣው ሞዴሉ የሚፈልገው የብርሃን መጥፊያ ቁጥር ነው። ክዳኑ በ20 ሴንቲ ሜትር ከጠፋ ቁጥሩ 8.5 ነው፤ ግማሽ ሜትር ላይ ከመቶ 2 እጅ ብርሃን አይደርስም። ለዓመቱ አንድ ቁጥር አትስጡ። ቢያንስ በየወሩ ለኩ።

መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ይዘላል

ይሄ የራሳችሁን ኮድ ለጻፋችሁ ነው። ውሃውን በ10 ሴንቲ ሜትር ንብርብር ከፋፍላችሁ በየሰዓቱ የምታሰሉ ከሆነ አይሆንም። የመደባለቁ መጠን በሰከንድ 0.0001 ካሬ ሜትር ሲሆን ተራው የወደፊት ስሌት (ከአሁኑ ሙቀት ብቻ ተነስቶ ቀጣዩን የሚያሰላው) የሚታገሠው እስከ 50 ሰከንድ የሚደርስ እርምጃ ብቻ ነው። ወይ የሰዓቱን እርምጃ አሳጥሩ፣ ወይ ንብርብሮቹን በአንድ ላይ የሚፈታውን ስሌት ተጠቀሙ።

እስከ ጥር ያምራል፣ ሚያዝያ ላይ ይበላሻል

ሞዴሉ 3 ሜትር እንደያዘ ነው፤ ሐይቋ ግን ሸሽታለች። ጥልቀቷ በግማሽ ሲወርድ፣ ውሃው እስከ ታች የሚደባለቅ ከሆነ፣ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት በእጥፍ ይሰፋል። ሞዴሉ ጥልቀቱን በየሳምንቱ እንዲያነብ አድርጉ። ለዚህ ምልክት የተደረገበት እንጨት ይበቃል።

ይበቃል ስል ግን አንድ ነገር አለ። ውሃው ከመጀመሪያው እንጨት ሳይርቅ ሁለተኛውን ወደ ውስጥ ገባ አድርጋችሁ ትከሉ፤ በአንድ ቀንም ሁለቱን አንብቡ። እኔ ይሄን ለአባባ አልነገርኳቸውም። ደብተራቸው ላይ የሚያዝያ አንድ ገጽ ቁጥር የለውም። «እንጨቱ ደረቅ ላይ ቀረ። ነቅዬ ወደ ውስጥ ወሰድኩት፣ 14 እርምጃ» ይላል። ያቺን 14 እርምጃ ወደ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ለመቀየር አሁንም እየታገልኩ ነው።