የቶርኖ ሙዳይ፦ ክዳኑ ለምን አልገጥም ይላል? ሌሎችም ችግሮችና መፍትሄያቸው

መሮ መሳል፣ አራት ማዕዘን እንጨት ማክበብ፣ የቶርኖውን (እንጨቱን የሚያሽከረክረውን መኪና) የፊትና የኋላ ነጥብ አፍ ለአፍ ማገናኘት የሚችል ሰው ከዚህ ይጀምር። ለጥገና ተመልሶ የሚመጣ ሙዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በአንድ ምክንያት ነው፤ ባለቀበት ቀን ክዳኑ ልክክ ብሎ ነበር፣ ከወር በኋላ ግን ወይ አልከፈትም ይላል ወይ ይንገጫገጫል። የቀረው ችግር በአጭሩ ያልቃል።

ከታች ያለው ልክ የተያዘው ለአንድ ዓይነት ሙዳይ ነው፦ 65 በ65 ሚሊ ከሆነና 130 ሚሊ ርዝመት ካለው ወይራ ወይም ዋንዛ የሚወጣ፣ ውጩ 60 ሚሊ የሆነ፣ የእንጨቱ ቃጫ ከቶርኖው ዘንግ ጋር አብሮ የሚሄድ። ከአካሉ አፍ ወጥቶ ክዳኑ ውስጥ የሚገባው አንገት ወንዴ፣ የክዳኑ ጉድጓድ ሴቴ ነው፤ ዲያሜትራቸው 50 ሚሊ።

እየተሠራ ሳለ ከመንከሻው ያመልጣል

ጥፋቱ የመያዣው እግር፣ ማለትም መንከሻው በጥርሶቹ የሚይዘው የቁራጩ ጉጥ ነው። እግሩ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ይርዘም። ትከሻው፣ ማለትም እግሩ የሚጀምርበት ደረጃ፣ በመንከሻው ጥርሶች ፊት ላይ ዙሪያውን ይቀመጥ፤ የእግሩ ታች ግን የመንከሻውን ወለል አይንካ። ከነካ ትከሻው ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ቁራጩም ትንሽ ሲገፋ ይወዛወዛል። ጥርሶቹ ሰያፍ ከሆኑ እግሩም በዚያው ሰያፍ ይቆረጥ። ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ ጥርሱ እየሰመጠ ይላላል፤ ውስጡን መቦርቦር ከመጀመሩ በፊትና በመሀል አንዴ መልሶ ማጥበቅ ነው። ባዶውን ሲዘጋ አንዱ ጥርስ በእጅ የሚነቃነቅ መንከሻ ለሙዳይ አይሆንም፤ ቢያጠብቁትም አይይዝም።

መብራት ሲሄድ መሮውን አንሱ፣ ማብሪያውን አጥፉ። እዚሁ የተገጣጠሙ ብዙ ቶርኖዎች በተራ ማብሪያ ስለሚሠሩ መብራት ሲመለስ ሞተሩ በራሱ ይነሳል። መንከሻው ላይ ተሰክቶ የተረሳ ቁልፍ ያን ጊዜ ፊት ላይ ይወረወራል። ጓንት፣ ሻርፕ፣ ነጠላ፣ ሰፊ እጅጌ ቶርኖ አጠገብ አይቅረቡ። የተፈታ ፀጉር ይጠቅለል።

ውስጡ ግድግዳ ላይ በጣት የሚዳሰስ ሞገድ አለ

መሮው ከሚያርፍበት መደገፊያ አልፎ በረዘመ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ ሞገዱ የዚያ አሻራ ነው። መደገፊያውን እስከ ሙዳዩ አፍ አስጠጉ፣ ወፈር ያለ መፋቂያ መሮ ያዙ፣ ስለቱ ውስጥ ሲሠራ ከመሀል መስመሩ በትንሹ ከፍ ይበል። ለመቦርቦር በደቂቃ ከ1000 እስከ 1500 ዙር ይበቃል። የመጨረሻው ፍቀት አዲስ በተሳለ ስለት ነው፤ የደነዘዘ ስለት ቃጫውን እየነቀለ ሰጋቱራ ያወጣል፣ የተሳለ ግን ቀጭን ፍቅፋቂ ያወጣል።

እዚህ ላይ መደጋገም ያለበት ማስጠንቀቂያ አለ። ከአሮጌ ሞረድ የተሠራ መፋቂያ መሮ አትጠቀሙ። ሞረድ ብረቱ እጅግ ጠጣር ሆኖ የተሠራ ነው፤ ጠጣርነቱ ስባሪ ያደርገዋል። ጉድጓድ ውስጥ ሲያዝበት አይታጠፍም፣ እንደ ብርጭቆ ተሰብሮ ይፈናጠራል። ርካሽ ስለሆነና በቀላሉ ስለሚሳል በየሥራ ቤቱ ይታያል። ከባሌስትራ የተሠራ ሲሆን ቢያንስ ይታጠፋል እንጂ አይፈናጠርም፤ የሚሻለው ግን ለቶርኖ ተብሎ የተሠራ መሮ ነው።

ሥሩ ተበሳ፣ ወይም መሀሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቀረ

ጥልቀት ሳይለካ የተሠራ ነው። ፑንታው (የመሰርሰሪያው ብረት) ላይ ፕላስተር ጠቅልላችሁ ጥልቀቱን ምልክት አድርጉ። ጠፍጣፋ ሥር የሚቆፍረው ሰፊ ፑንታ መሀሉ ላይ ከስለቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ቀድሞ የሚወጣ እሾህ አለው፤ ምልክቱ የሚለካው ከእሾሁ ጫፍ ነው። ሥሩ ሲያልቅ 6 ሚሊ ይቅር። 25 ሚሊ ፑንታ በደቂቃ ከ500 ዙር በላይ አይሽከርከር፤ የሚጨስ ከሆነ ፑንታው ደንዝዟል።

ክዳኑ ገጥሞ ነበር፣ አሁን አይገጥምም

ክዳኑን ግጠሙና ቀስ እያላችሁ አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ሲሆን የሚገባ፣ ሩብ ዙር ሲዞር የሚጠብቅ ከሆነ ክቡ ሞላላ ሆኗል ማለት ነው። በካሊፐር አረጋግጡ፤ ወንዴውን በአንድ አቅጣጫ ለኩ፣ ከዚያ 90 ዲግሪ አዙራችሁ ለኩ። ልዩነቱ 0.2 ሚሊ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም።

እንጨት በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። በርዝመቱ ለሙዳይ የሚያሳስብ ለውጥ የለውም። የዕድሜ ቀለበቶቹን ተከትሎ ግን ከእምብርት ወደ ቅርፊት ካለው አቅጣጫ እጥፍ ገደማ ሊኮማተር ይችላል። ለስሌት የሚበቃ ልክ ይኸው፦ የእንጨቱ እርጥበት 1 በመቶ በተለወጠ ቁጥር በቀለበቱ አቅጣጫ 0.25 በመቶ፣ በእምብርቱ አቅጣጫ 0.15 በመቶ ገደማ። 50 ሚሊ የሆነ ወንዴ 4 በመቶ እርጥበት ሲያጣ አንዱ ዲያሜትሩ በ0.5 ሚሊ፣ ሌላው በ0.3 ሚሊ ያንሳል። ልዩነቱ 0.2 ሚሊ ነው። በእጅ ሲከፈት ልክክ የሚል ክዳን ያለው ክፍተት ደግሞ 0.1 ሚሊ ገደማ ነው። ክዳኑና አካሉ ከአንድ ቁራጭ ስለወጡ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ይሞልላሉ፤ የቃጫው መስመር ሲገጣጠም የሚገባው፣ ሲዞር የሚነክሰው ለዚህ ነው።

እርጥበቱ ከየት ይመጣል? ከሁለት ቦታ። አንደኛው ወቅት ነው። የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን እንጨት 9 በመቶ አካባቢ ላይ ይረጋል፤ አየሩ 80 በመቶ ሲሆን 16 በመቶ ገደማ። በጥር የተሠራ ሙዳይ ነሐሴ ላይ ሌላ ቅርጽ ይዞ ይገኛል። ሁለተኛውና የከፋው እንጨቱ ገና ሳይደርቅ መሠራቱ ነው። «ደርቋል» ተብሎ የሚሸጥ 65 ሚሊ ውፍረት ያለው ወይራ ብዙ ጊዜ ላይ ላዩ ብቻ ነው የደረቀው። በአየር የሚደርቅ ጣውላ ለ25 ሚሊ ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ 65 ሚሊ ከሁለት ዓመት በላይ ነው። ሻጩ ያን ያህል አላስቀመጠውም። ገዢውም የሚያየው የውጩን ገጽ ነው። ሙዳይ ሲቦረቦር የሚገለጠው ግን ውስጡ፣ ማለትም እርጥቡ ክፍል ነው።

እርጥብ መሆኑን ለማወቅ ከዚያው ጣውላ ጫፍ ሳይሆን ከመሀሉ ቁራጭ አውጡ፣ በግራም ሚዛን መዝኑ፣ 103 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁና እንደገና መዝኑ። የጠፋውን ግራም ለደረቁ ክብደት አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። 100 ግራም ሆኖ የቀረ፣ መጀመሪያ 118 ግራም የነበረ ቁራጭ 18 በመቶ እርጥበት ነበረው። ለሙዳይ ከ12 በላይ ከሆነ ገና ነው።

መፍትሄው በሁለት ጊዜ መሥራት ነው፤ አቋራጭ የለውም። ቁራጩን አክብቡ፣ በሁለቱም ጫፍ የመያዣ እግር አውጡ፣ ክዳንና አካሉን ለዩ፣ ሁለቱንም ግድግዳቸው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ውፍረት እንዲቀር አድርጋችሁ ቦርቡሩ። ወንዴው የሚወጣበትን ቦታ አትንኩ። ቃጫው የሚገናኝበትን መስመር በእርሳስ አስምሩ፣ ክብደቱንና ቀኑን ሥሩ ላይ ጻፉ። ሁለቱን አንድ ላይ በወረቀት ከረጢት ከራሳቸው ፍቅፋቂ ጋር አስቀምጡ፤ ፀሐይ ላይ አይደለም፣ ምድጃ አጠገብም አይደለም። በየሳምንቱ መዝኑ። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ክብደቱ ካልተለወጠ ረግቷል። ቀድሞ የደረቀ ከነበረ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይበቃዋል፤ እርጥብ ወይራ ወራት ይፈልጋል። ከዚያ እንደገና መንከሻ ላይ ሲገባ እግሩ ራሱ ሞላላ ሆኖ ይገኛል፤ መጀመሪያ እሱን ማክበብ፣ ከዚያ የቀረውን።

መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ክዳኑ ይቅደም። የሴቴው ግድግዳ ቀጥ ያለ ይሁን፤ ከ8 ሚሊ ጥልቀቱ ላይም ከአፉ ላይም ካሊፐሩ አንድ ልክ ያሳይ። ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ሴቴ ወንዴውን በጫፉ ብቻ ይይዛል፤ ክዳኑ ገጥሞ ይመስልና ትንሽ ሲነካ ይዘላል። ይህ ሁለተኛው ተደጋጋሚ ጥፋት ነው፣ ብዙ ሰውም በእርጥበት ያሳብበዋል። ከዚያ ወንዴው ጫፍ ላይ 1 ሚሊ ያህል ስፋት ክዳኑ እስኪነካው ድረስ ቁረጡ። ቶርኖውን አቁማችሁ ክዳኑን ገጥማችሁ ትንሽ አዙሩ፤ የሚያብረቀርቅ መስመር ይተዋል። እስከዚያ መስመር ድረስ በየጊዜው 0.1 ሚሊ እየፋቁ መሞከር ነው። የወንዴው ርዝመት ከ6 እስከ 7 ሚሊ፣ ግድግዳው 3 ሚሊ። መጀመሪያ ጥብቅ አድርጋችሁ ውጩን አንድ ላይ ጨርሱ፤ ከዚያ ክፍተቱን ወደ 0.3 ሚሊ አስፉት። ክዳኑ በየትኛውም አቅጣጫ ክረምትም በጋም እንዲዞር የሚያስችለው ይህ 0.3 ሚሊ ነው። ልክክ ያለ ድምፅ ለማሰማት ብሎ 0.05 ላይ መተው ነሐሴ ላይ መጥበቁን ማወጅ ነው።

ውጭ አገር ለሚላክ ስጦታ ይህ ክፍተት ይበልጥ ያስፈልጋል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ክረምት ላይ ማሞቂያ በበራበት ቤት የአየሩ እርጥበት 30 በመቶ አካባቢ ይወርዳል፣ እንጨቱም ወደ 6 በመቶ። በአዲስ አበባ ሐምሌ 13 በመቶ ላይ የተገጠመ ክዳን 7 በመቶ ያጣል፤ በዚያው ስሌት 0.35 ሚሊ ሞላላነት ነው። ለእንዲህ ያለው ቢያንስ 0.4 ሚሊ ክፍተት ተዉ።

ቀድሞ የጠበቀውን ማዳን

ፒንሳ ይዞ መጠምዘዝ የወንዴውን 3 ሚሊ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ቤንዚን ወይም ዘይት መጨመርም አይሆንም፤ ዘይቱ ቃጫው ውስጥ ይቀርና ኋላ ኮላ አይይዝም። ሙዳዩን ደረቅ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ተዉት፣ ከዚያ የክዳኑን ዙሪያ በእንጨት እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱ፤ ይላቀቃል። ሲከፈት ወንዴውን በእርሳስ ቀቡ፣ ክዳኑን አስገብታችሁ አውጡ። እርሳሱ የተፋቀበት ሁለት ተቃራኒ ቦታ ላይ ነው የሚነክሰው። 240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀጥ ባለ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ እነዚያን ሁለት ቦታዎች ብቻ ፋቁ። ዙሪያውን መፋቅ በጋ ላይ የሚንገጫገጭ ክዳን ያወርሳል።

የላላው የበለጠ ሥራ ነው። ከተረፈ ቁራጭ ለአካሉ ማቀፊያ ጉድጓድ ቦርቡራችሁ አካሉን አስገቡበት፣ ወንዴውን እንደገና አክብቡ። ሴቴውም ሞላላ ስለሆነ ማክበብ ያሰፋዋል፤ ስለዚህ ከዚያው ዓይነት ደረቅ እንጨት 3 ሚሊ ግድግዳ ያለው ቀለበት አውጡ፣ ቃጫው ከክዳኑ ቃጫ ጋር አንድ አቅጣጫ እንዲይዝ አድርጋችሁ በእንጨት ኮላ ክዳኑ ውስጥ አጣብቁ፣ በማግስቱ ወደ ልኩ ቦርቡሩት።

ከመንከሻው ላይ ሳለ ልክ ነበር፣ ማታ ላላ

ሙቀት ነው። ብርጭቆ ወረቀት በፍጥነት ሲያዝበት ወንዴው ይሞቃል፣ ላዩ ይደርቃል፣ ልኩ ይዛባል። በደቂቃ ከ800 ዙር በታች፣ በአዲስ ወረቀት፣ ወረቀቱን የያዘው ጣት እየተነሳ። ጣት የማይችለው ሙቀት እንጨቱም አይችለውም፤ ወይራ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አናቱ ላይ የሚወጡት ከዚሁ ነው። የመጨረሻው ልክ የሚወሰደው ግማሽ ሰዓት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ከቫርኒሽ በኋላ ጠበቀ

ወንዴውና ሴቴው ላይ ቫርኒሽ አይቀባም። የንብ ሰም በጣት በስሱ ይበቃል። የሙዳዩን ውስጥ በተልባ ዘይት መቀባት ተዉ፤ ክዳን ተዘግቶበት አየር ስለሚያጣ ለወራት ይጣበቃል፣ ይሸታል፣ የተቀመጠበትን ዕጣን ወይም ጌጥ ያበላሻል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ ራሱ ይሞቅና ይቀጣጠላል፤ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት። ሰጋቱራ በሞላው ሥራ ቤት ውስጥ ይህ ተራ ነገር አይደለም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ክዳኑ ሲጫን ራሱ ወደ ላይ የሚነሳ ከሆነ የታፈነ አየር ነው፤ ወንዴው ላይ በሦስት ማዕዘን ሞረድ አንዲት ቀጭን መውጫ ጫሩ።

ሥሩ መሀል ላይ ኮከብ የመሰለ ስንጥቅ ካለ የግንዱ እምብርት ቁራጩ ውስጥ ገብቷል። ያን ቁራጭ ጣሉት፤ ኮላ አያድነውም።

የሥሩ ቃጫ ከተቦጨቀ ከጠርዝ ወደ መሀል ተቆርጦ ነው፤ ውስጥ ሲቦረቦር ስለቱ ከመሀል ወደ ጠርዝ ይሂድ።

የተቦረቦረው ቀዳዳ ከፑንታው ከሰፋ ፑንታውን የያዘው የቶርኖው የኋላ ደጋፊ መሀሉን ስቷል።

የክዳኑና የአካሉ ጭረት መስመር ካልተገናኘ በመካከል የጠፋው እንጨት በዝቷል። ክዳንና አካሉን በ3 ሚሊ ሳይሆን 2 ሚሊ በሆነ መቁረጫ መሮ ለዩ፣ ወንዴውንም ከ7 ሚሊ አታስረዝሙ፤ ከ9 ሚሊ በላይ ከጠፋ ደማቅ ጭረት ባለው ወይራ ላይ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።