ከጣና ዳር መረጃ ይዞ መመለስ፦ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የመስክ ሥራ መመሪያ

የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ የመጀመሪያውን የመስክ ሥራ ሲታዘዝ ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው ገና ርዕስ ሲመርጥ ነው። «የእምቦጭ አረም በጣና ዙሪያ ነዋሪዎች ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ሕይወት ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ርዕስ ፕሮፖዛል ላይ ያምራል። ጣና ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እምቦጩም የበረታው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው። ሦስት ሳምንትና የባጃጅ ሒሳብ ብቻ ያለው ቡድን ይህን ርዕስ አይወጣውም፤ መጨረሻው ከኢንተርኔት መገልበጥ ይሆናል።

ርዕሱን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ሰዎች፣ በአንድ ድርጊትና በአንድ ጊዜ አጥሩት። ለምሳሌ፦ «በባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚያወርዱ አስጋሪዎች ባለፉት ሰባት ቀናት ያገኙትን ለማን ሸጡ?» መፈተኛው ቀላል ነው። ቦታው ላይ አንድ ጠዋት ተቀምጣችሁ የምታጠኑትን ነገር በዓይናችሁ ካላያችሁ ርዕሱ ገና ሰፊ ነው። ገዳማትን የመረጠ ቡድን ደግሞ አስቀድሞ አባላቱን ይቁጠር፤ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ሴት አባል ካለች እንጦስ ኢየሱስን ወይም ዘጌ ያለውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ማሰብ ይሻላል።

ቀኑም ይመረጣል። በሁዳዴ የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ በመጋቢት የተሰበሰበ የዋጋ መረጃ የዓመቱን አይናገርም። ከሐምሌ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ደግሞ ነጭ ዓሣ የሚባለው ዝርያ ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ያሉ ገባር ወንዞች ስለሚወጣ አስጋሪውም ይከተለዋል፤ ከተማው ዳር የምታገኙት የቀረውን ነው። ገበሬ ለማናገር በዓል ጥሩ ነው። በ12፣ በ21 ወይም በ29 ሞፈር ስለማይነሣ ሰው ቤቱ ይገኛል፣ ለወሬም ጊዜ አለው። ቢሮ የሚያስኬድ ጉዳይ ካላችሁ ግን ሰኞ ጠዋትን ተዉት፤ ስብሰባ ነው።

የትብብር ደብዳቤውን ከዲፓርትመንት ስትቀበሉ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ክብ ማህተም መኖሩን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ቀበሌ መዝገብ ቤት ላይ ይመለሳል፤ አንድ ሳምንት የሚበላው ይኸው ነው። በሁለት ኮፒ ያዙና አንዱ ላይ «ደርሶናል» አስመትታችሁ ይዛችሁት ዙሩ። ደብዳቤው የኮሌጁን ስም ብቻ ሳይሆን የአባላቱን ስምና ምን እንደምትጠይቁም ቢዘረዝር በር ላይ ክርክሩ ያጥራል።

ናሙናን በተመለከተ ስንት ሰው እንደሚጠየቅ ለማስላት አገሩ ሁሉ የሚጠቀመው የያማኔን ቀመር ነው፦ ጠቅላላውን ቁጥር፣ ለ1 ሲደመር የጠቅላላው ቁጥርና የስሕተት መጠኑ ካሬ ብዜት ማካፈል። በእጃችሁ የ240 አስጋሪዎች ዝርዝር ካለና 5 በመቶ (0.05) ስሕተት ከፈቀዳችሁ 240 ለ1.6 ሲካፈል 150 ሰው ይሆናል። 10 በመቶ ብትሉ 240 ለ3.4፣ ማለትም 71 ሰው። ለሦስት ሳምንት 71ዱ ይበቃል። ይህ ሁሉ ግን ዝርዝር ሲኖርና ከዝርዝሩ በዕጣ ሲመረጥ ነው። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን እየጠየቃችሁ ቀመሩን ወረቀት ላይ ብትለጥፉት መምህሩ በመጀመሪያው ጥያቄ ያፈርሰዋል። ዝርዝር ከሌለ ታንኳና ጀልባ የሚያርፍበት ቦታ በማለዳ ቆማችሁ ከሚደርሱት በየሦስተኛው ያለውን ውሰዱ፣ ያደረጋችሁትንም እንዳለ ጻፉ። የተመረጠ ሰው ቤቱ ካልተገኘ በተለያየ ሰዓት ሁለቴ ተመለሱ። ጎረቤቱን አትተኩ፤ በጠራራ ፀሐይ ቤት የሚገኝ ሰውና ሐይቅ ላይ የዋለ ሰው ኑሯቸው አንድ አይደለም።

ዋናው ሥራ መጠይቁ ላይ ነው። ብዙው መጠይቅ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ተገልብጦ የሚመጣ ስለሆነ ገበሬው ፊት ሲነበብ የአዋጅ ድምፅ አለው። አንዱ አባል ወደ አማርኛ ይመልሰው፤ ዋናውን ያላየ ሌላ አባል ደግሞ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልስ። ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ካልተገናኙ አማርኛው ተሳስቷል። «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ያጣላል። ባሕር ዳር የሚማረው ልጅ ይቆጠራል? «ባለፈው ወር ከአንድ ድስት የበላ» ብላችሁ ወስኑና ሁሉም ጠያቂ በዚያው ይሂድ።

ይህን ጥያቄ ተመልከቱ፦ «እምቦጭ ገቢዎንና ጤናዎን ጎድቶታል?» ሁለት ጥያቄ ነው፣ መልሱንም ይዞ መጥቷል። መላሹ በይሉኝታ «አዎ» ይላል፤ መቶ በመቶ «አዎ» ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ ምንም አላወቃችሁም። እንዲህ ብትሉትስ? «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ወደ ሐይቅ ወጡ? ያልወጡበት ቀን ምን ይዞዎት ነው?» እምቦጩ እውነት ካገደው ራሱ ያነሣዋል።

«የወር ገቢዎ ስንት ነው?» የሚለውም ፍሬ የለውም። አስጋሪ ደመወዝተኛ አይደለም፤ ያልተጠበቀ የብር ጥያቄ ደግሞ ግብር ያስታውሳል። መጨረሻ የወጣበትን ቀን ብቻ ያዙ፦ ስንት ኪሎ አገኘ፣ ከዚያ ውስጥ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ስንት፣ አምባዛው ስንት፣ ኪሎው በስንት ሄደ፣ ለመረብና ለነዳጅ ስንት ወጣ፣ ከስንት ሰው ጋር ተካፈለ። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

ዕድሜ ስትጠይቁ 40፣ 45፣ 50 ብቻ ከተከመረባችሁ ግምት ነው የሰበሰባችሁት። በ1966 አብዮት፣ በ1977 ድርቅ ወይም በግንቦት 1983 ምን ያህል እንደነበሩ ጠይቁ፤ «ያኔ ጥጃ ጠባቂ ነበርኩ» ቢሉ ብዙ ይነግራል። ሰዓትም እንዲሁ። አንዱ ጠያቂ 2 ሌላው 8 እያለ ከጻፈ ጠዋቱ ሁሉ ይበላሻል፤ በአገራችን አቆጣጠር ብቻ መዝግቡ።

ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ያለው ባለ አምስት ደረጃ ሚዛን በወረቀት ለሚሞላ ተማሪ ይሠራል። በቃል ሲጠየቅ ግን አዛውንት መሃል ላይ ይቆማሉ። «ሥራ እንዴት ነው?» ቢባሉ «ተመስገን» ይላሉ፤ ሰላምታ ነው እንጂ የእርካታ መልስ ተብሎ አይመዘገብም።

ሁሉን ከማባዛታችሁ በፊት መጠይቁን በናሙናው ውስጥ በሌሉ 5 ሰዎች ሞክሩ። ከ20 ደቂቃ ካለፈ ቁረጡት።

ስትቀርቡ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ለትልቅ ሰው «አንቱ» ወይም «እርስዎ»፣ ከዚያ ይህንን በቃላችሁ፦ «የኮሌጅ ተማሪዎች ነን። ለትምህርት የምንሠራው ነው፤ መጠይቁ ላይ ስምዎን አንጽፍም። 20 ደቂቃ ይወስዳል። ካልፈለጉ ይቅር፣ መሃል ላይም ማቆም ይችላሉ። ክፍያም እርዳታም ይዘን አልመጣንም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሉ። ወረቀት ይዞ የሚዞር ሰው እርዳታ መዝጋቢ ስለሚመስል፣ ካልተነገረ ልጅ ይበዛል፣ በሬ ይጠፋል። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩትን የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት የምታናግሩ ከሆነ በምን ስም መጠራት እንደሚወዱ ጠይቁ፤ በከተማ በዘልማድ የሚጠሩበት አጠራር የሚያስቀይማቸው አሉ።

ማስታወሻ በዚያው ቀን ማታ ይሞላል፤ ሲያድር ይጠፋል። ሰውየው ያለውን በትምህርተ ጥቅስ፣ የእናንተን ግምት በቅንፍ አስገቡ። በስልክ የቀዳችሁት ከሆነ የግማሽ ሰዓት ወሬ ለመገልበጥ እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። 8 ቃለ መጠይቅ 24 ሰዓት ማለት ነው፤ ለአራት አባላት 6፣ 6 ሰዓት ይደርሳል። ይህ ሳይታሰብ ነው ማስረከቢያው ዋዜማ ላይ ጠብ የሚነሣው።

ስትጽፉ 12 ሰው ጠይቃችሁ «58.3 በመቶ» አትበሉ፤ «ከ12ቱ 7ቱ» ይበቃል። የሕዝብ ቁጥርም ከነዓመቱ ይጻፍ፦ በ1999ኙ ቆጠራ የባሕር ዳር ልዩ ዞን ሕዝብ 221,991 ነበር። ይህ በዙሪያው ያለውን ገጠር ይጨምራል፣ የዛሬም አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ ከተሰበሰበ መረጃም «ተጽዕኖ አሳድሯል» የሚል ድምዳሜ አይወጣም፤ ከእምቦጩ በፊት የነበረውን አልለካችሁም።

የተሞላው መጠይቅ ውጤት እስኪገለጽ ይቀመጥ። የስም ዝርዝሩ ግን መለያ ቁጥሩ ብቻ ከተጻፈበት መጠይቅ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አይግባ፤ ከቡድኑ አንድ ሰው ለብቻው ይያዘው።