መድረክ ላይ ፔዳል ስቲል ሲያስቸግር

ፔዳል ስቲል በእግር ፔዳሎችና ክሮቹ ላይ በሚንሸራተት የብረት ባር የሚጫወቱት ጊታር ነው። ዘፈን መሃል ድምፁ ድንገት ጥፍት ካለ ለመጠገን አትሞክሩ፤ መስመሩን አሳጥሩት። የአምፑ መብራት ከበራ ቮልዩሙን በደንብ ቀንሱና ከቮልዩም ፔዳሉ (ድምፅ በእግር ከሚጨመርበትና ከሚቀነስበት) ወደ አምፑ የሚሄደውን ረጅሙን ኬብል ከፔዳሉ ነቅላችሁ ጊታሩ ላይ ሰኩት። ሳትቀንሱ ብትሰኩት ያደነቁራል፤ ፔዳሉ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ግማሽ ብቻ ስለሚረገጥ አምፑ ከፍ ተደርጎ ነው የሚቆየው። ድምፁ ከተመለሰ ጥፋቱ የቮልዩም ፔዳሉ ወይም ከጊታሩ ወደ እሱ የሚሄደው የአጭሩ ኬብል ነው፤ እስከ ዕረፍት እንዲሁ ይዘለቃል። ካልተመለሰ የኬብሉን ጫፍ ከጊታሩ ነቅላችሁ በጣት ንኩት። እምምም ካለ ችግሩ ጊታሩ ውስጥ ነው፤ ጭጭ ካለ ኬብል ቀይሩ። አምፑ ጭራሽ ከሞተ በዲአይ ቦክስ (የጊታሩን ሲግናል ለሚክሰር በሚያመቻች ሳጥን) ወደ ሚክሰሩ ግቡ። ፊውዝ የሚቀየረው ከሶኬት ተነቅሎ፣ በዚያው አምፔር ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ግን 3ኛው ክር ነው። በኢ9 ቅኝት (በፔዳል ስቲል የተለመደው ቅኝት) ጂ ሻርፕ ላይ የሚቃኘው ይህ ክር ውፍረቱ 0.011 ኢንች ብቻ ነው። ‹ቢ› ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ወደ ኤ ኖታ ስለሚሳብ፣ ቼንጀሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ክሩን የሚስበው ክፍል) ላይ በሚታጠፍበት ቦታ እየደከመ እዚያው ይበጠሳል። ሲበጠስ የተንጠለጠለውን ጫፍ ከእጃችሁ መንገድ አውጡና ቀጥሉ። 6ኛው ክር ያው ኖታ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ፤ ‹ቢ› ፔዳል እሱንም ወደ ኤ ያነሳዋል። ስለዚህ 3፣ 4 እና 5ን ስትመቱ የነበራችሁ 4፣ 5 እና 6ን ምቱ፤ ቾርዱ አይለወጥም።

ፔዳል ስትረግጡ እግራችሁ ባዶ ከገባ ፔዳሉን ከጊታሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ወልቋል ማለት ነው። በባር ተኩት፦ 3ኛ ፍሬት ላይ ‹ኤ› እና ‹ቢ› ፔዳሎችን ረግጣችሁ የምታገኙት ሲ ቾርድ፣ ያለ ፔዳል 8ኛ ፍሬት ላይ አለ። መንሸራተቻው ውበት ይቀራል፣ ቾርዱ ግን ልክ ነው። በዕረፍት ዘንጉን በሁለቱም ጫፍ ወደ ቦታው መልሱ፤ የናይለን ዳዶዎቹን ግን አትንኩ፣ የሚያበላሹት የፔዳሉን ቅኝት ነው።

አዲስ 3ኛ ክር ስታስገቡ መጀመሪያ ቼንጀሩ ውስጥ የቀረ ስባሪ ካለ በመቆንጠጫ አውጡ። ከቃኛችሁት በኋላ ክሩን በእጅ ሳብ ሳብ አድርጉ፣ ‹ቢ›ን ደጋግማችሁ ርገጡ፣ እንደገና ቃኙ። እንዲያም ሆኖ ለሁለት ሦስት ዘፈን ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ ረጅም ሶሎ ካለባችሁ እስኪረጋ ድረስ 3ኛውን ትታችሁ 4ኛውና ከእሱ የወፈሩት ክሮች ላይ ቆዩ።